ማን ያውቃል? ማን አያውቅም?

ልብ ወለድ ሳነብ ታሪኩ መሃል ላይ ከቀዘቀዘብኝ የምጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው። እዚህ ገጽ ላይ ማን ምን ያውቃል? አብዛኛውን ጊዜ መልሱ «ሁሉም እኩል ያውቃል» ይሆናል። ገጸ ባሕርይዋ የምታውቀውን እኔም አውቃለሁ። ባሏም ያውቃል፣ ጎረቤቷም ያውቃል። ማንም ከማንም የሚደብቀው፣ ማንም ከማንም የሚቀድምበት ነገር የለም። እንዲህ ሲሆን ዐረፍተ ነገሩ የቱንም ያህል ቢያምር ታሪኩ ንቅንቅ አይልም።

ስለ ድርሰት ሲወራ ቶሎ የሚነሳው የቋንቋ ውበት ነው። እኛ ጎንደር ደግሞ ይህ ይበረታል። ቅኔ ሲዘረፍ ሊቃውንቱ «ይበል!» የሚሉበት፣ አዝማሪ ስንኝ ባሳመረ ቁጥር ግንባሩ ላይ ብር የሚለጠፍበት አገር ነው። ቃል ማሳመር እዚህ ትልቅ ሙያ ነው፤ ትልቅ መሆኑም ደስ ይለኛል። ግን ቃል ብቻውን ሃያና ሠላሳ ገጽ አይሸከምም። አንባቢን ይዞ የሚሄደው በሚያውቅና በማያውቅ ሰው መካከል ያለው ክፍተት ነው። ይህን ያስተማሩኝ ከመጻሕፍት ይልቅ ፊልሞች ናቸው። ካሜራ አንድ ነገር ባሳየ ቁጥር መምረጥ ግዴታው ነው። ለተመልካቹ ብቻ ነው የሚያሳየው? ለተመልካቹና ለአንዱ ሰው ነው? ወይስ አንዱ ሰው እያየ ተመልካቹ የሰውየውን ጀርባ ብቻ ነው የሚያየው? ጸሐፊም ይህንኑ ይመርጣል። ልዩነቱ እኛ ሳናስበው መምረጣችን ነው።

ቪዲዮ ቤት ያደግን ሰዎች ነገሩን በልጅነታችን ቀምሰነዋል። ጨለማ ክፍል፣ መደገፊያ የሌለው አግዳሚ፣ ከፊት አንድ ቴሌቪዥን። ፊልሙ ሕንድኛ ወይ እንግሊዝኛ ነው፤ ንግግሩ የሚገባን የለንም። ዋናውን ሰውዬ «አክተሩ» እንለዋለን። «አክተሩ አይሞትም» የሚለው ሕግ እንደ ሃይማኖት ነበር። ከመሃላችን ደግሞ ፊልሙን ትናንት ያየ አንድ ልጅ አይጠፋም። «አሁን ከበሩ ኋላ ሰውዬው አለ!» ብሎ ይለፈልፋል። ዛሬ ቢሆን «አበላሸህብን» ብለን እንጣላዋለን። ያኔ ማንም አይቆጣም ነበር። እንዲያውም ክፍሉ ጭጭ ይላል። አክተሩ እያፏጨ ወደ በሩ ሲሄድ፣ «ተው! አትክፈተው!» የሚል ጩኸት ከአግዳሚው ሁሉ ይነሳል። ልጁ ባይናገር ኖሮ ያ በር ተራ በር ነበር።

የፊልም ዳይሬክተሩ አልፍሬድ ሂችኮክ ይህንኑ በግልጽ አስቀምጦታል። እ.ኤ.አ. በ1962 ከፈረንሳዊው ዳይሬክተር ፍራንሷ ትሩፎ ጋር ረጅም ጭውውት አድርጎ ነበር። ምሳሌው እንዲህ ነው። ሁለት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ተራ ወሬ ያወራሉ። ድንገት ከጠረጴዛው ሥር ቦምብ ይፈነዳል። ተመልካቹ ለ15 ሰከንድ ይደነግጣል፤ አለቀ። አሁን ደግሞ ያው ወሬ፣ ያው ጠረጴዛ ይሁን። ቦምቡ ግን ሲቀመጥ ተመልካቹ አይቷል፤ ስንት ሰዓት ላይ እንደሚፈነዳም ያውቃል። ያ ተራ ወሬ በአንዴ የማይቻል ይሆናል። «ምን ታወራላችሁ! ተነሡ!» ያሰኛል። በ15 ሰከንድ ድንጋጤ ፋንታ የ15 ደቂቃ ልብ ሰቀላ ተገኘ። ከዚህ ምሳሌ እኔን የሚገርመኝ ቦምቡ አይደለም፤ ወሬው አለመለወጡ ነው። ሰዎቹ የሚናገሩት አንድም ቃል አልተነካም። የተለወጠው የሚያዳምጠው ሰው የሚያውቀው ነገር ነው።

እኛ ዘንድ ደግሞ ያለ ቦምብ የሚሆን ነገር አለ። መርዶ።

ሰው ሩቅ አገር ይሞታል። ወሬው ቀድሞ የሚደርሰው ለእናቱ አይደለም፤ ለዘመድ፣ ለጎረቤት፣ ለንስሐ አባት ነው። ሽማግሌዎች ይመካከራሉ። ማን ይንገራት? የትኛው ቀን ይሁን? ብዙ ጊዜ የሚመረጠው ንጋት ነው፤ ከቤቷ ሳትወጣ፣ መንገድ ላይ ከሌላ ሰው ሳትሰማ። ከዚያ ንጋት በፊት ግን አንድ ምሽት አለ። በዚያ ምሽት ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል፤ የማታውቀው እሷ ብቻ ናት። «እህል ትቅመስ» ይባላል፤ ነገ ጉሮሮዋ እንደሚዘጋ ይታወቃልና። አንዷ ምክንያት ፈጥራ ወጥ በሳህን ይዛ ትመጣለች። ሌላዋ «ቡና አላፈላሽም እንዴ?» ብላ ትገባለች። የዕድሩ ሰዎች ስለ ድንኳኑ በሹክሹክታ ይነጋገራሉ። ልጆች «ዛሬ እዚያ ቤት እንዳትሄዱ» ይባላሉ፤ ልጅ አፉ አይታመንም።

ዛሬ ስልክ ሥራውን አክብዶታል። አንዱ የዋህ ፌስቡክ ላይ ፎቶ ለጥፎ «ነፍስ ይማር» ይልና የሽማግሌዎቹ ምክር ሁሉ ገደል ይገባል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚደረገው ስልክ መሰወር ሆኗል። «አምጪ ቻርጅ ላድርግልሽ» ተብሎ ይወሰዳል። ለልብ ወለድ ጸሐፊ ይህች አንዲት ዐረፍተ ነገር ብቻዋን ስንት ነገር እንደያዘች አስቡት። ስልኩን የምትቀበለው ሴት እጇ ላይ የሚሰማት ነገር አለ። ስልኩን የምትሰጠው ሴት «ተባረኪ» ትላለች።

መርዶን ያወጣው ደራሲ አይደለም። ለኀዘንተኛው ሲባል፣ ጉዳቱን ለመቀነስ ሲባል ሰው ከሰው ጋር ሲኖር ያበጀው ሥርዓት ነው። ለእኔ ግን ትረካ ምን እንደሆነ ያስረዳኝ ከሁሉ በላይ እሱ ነው።

ስለዚያ ምሽት አጭር ልብ ወለድ እየጻፍኩ ነው። ዋናዋ ሴት እትዬ ዘውዴ ይባላሉ፤ ቤታቸው ቀሃ ኢየሱስ አካባቢ ነው። ልጃቸው ሙሉቀን ሰሊጥ አጨዳ መተማ ወርዷል። መተማ በአጨዳ ጊዜ ከደጋው የሚወርደውን ወጣት ወባ እንዴት እንደሚጥለው የእኛ አገር ሰው ያውቀዋል፤ ስለዚህ አሟሟቱን ብዙ ማብራራት አላስፈለገኝም። ታሪኩን በሁለት መንገድ ሞከርኩት። በአንደኛው ንጋት ላይ በሩ ይንኳኳል። እትዬ ዘውዴ ይከፍታሉ። ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሰዎች ደጁን ሞልተውታል። አንባቢውም እሳቸውም በአንዴ ያውቃሉ። ከዚያ ለቅሶ ነው፤ ለቅሶውን ለመግለጽ ደግሞ ቃል ማብዛት ግድ ነው።

በሁለተኛው መርዶው አልተነገረም። ታሪኩ የሚያልቀው በሩ ሳይንኳኳ ነው። መጀመሪያ ላይ የጎረቤቲቱ የጥሩዬ ባል ከዕድር ስብሰባ ይመለሳል። ጫማውን እያወለቀ «ነገ ጎህ ሲቀድ ነው፤ ማታ አብረሻቸው አምሺ» ይላታል። ይህችን ብቻ። ከዚያ ቡና ነው።

ጥሩዬ የታጠበውን ስኒ እንደገና አጠበችው። እትዬ ዘውዴ ጋቢውን ከገመድ አውርደው እያጣጠፉ ገቡ።

«የዛሬ ፀሐይ ደግ ነበረች፤ በአንድ ቀን አደረቀችልኝ። ለጥምቀት ሲመጣ ይለብሰዋል።»

«እንዴት ነጥቷል በሉ» አለች ጥሩዬ።

«አንቺ ደግሞ ዛሬ ምን ነክቶሽ ነው? ቶናው ሳይወርድ ቤቴ ቤቴ የምትይ ሴትዮ!»

«ዛሬ በረካውን ሳልጠጣ አልሄድም።»

«እሰይ፣ ተባረኪ። እኔም ብቻዬን መጠጣት ሰልችቶኛል።»

«እትዬ፣ እንጀራውን አልነኩትም እኮ። ይቺን ብቻ ይጨርሱልኝ፤ በሞቴ።»

ሳነበው እኔን የሚይዘኝ «በሞቴ» ላይ ነው። ሁላችንም ጉርሻ በሰጠን ቁጥር የምንላት ቃል ናት። እዚህ ቦታ ላይ ግን ሌላ ሆነች። ቃሏን ያከበድኳት እኔ አይደለሁም፤ የጥሩዬ ባል ጫማውን እያወለቀ የተናገራት አንዲት መስመር ናት። «ጥሩዬ ልቧ ተሰበረ» ብዬ መጻፍ አላስፈለገኝም። ስኒውን ደግማ አጠበች፤ በቃ። የሚያውቅ አንባቢ እያንዳንዷን እንቅስቃሴ ራሱ ይሞላታል።

ይህን ድፍረት የሰጠኝ የጣሊያናዊው የቪቶሪዮ ዴ ሲካ «የብስክሌት ሌቦች» ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣ ፊልም ነው፤ ጣሊያን ከጦርነቱ ማግስት በሥራ አጥነት ስትማቅቅ። አንቶኒዮ ግድግዳ ላይ ማስታወቂያ የመለጠፍ ሥራ ያገኛል። ሥራው ብስክሌት ይፈልጋል። ብስክሌቱ ደግሞ መያዣ ተይዟል። ሚስቱ የአልጋ አንሶላዋን አስይዛ ታስለቅቀዋለች። ሥራ በጀመረበት ዕለት ይሰረቃል። ከዚያ አባትና ትንሹ ልጁ ብሩኖ ሮምን ሲያስሱ ይውላሉ።

ብዙ ሰው ስለዚህ ፊልም ሲያወራ ድህነቱን ያወራል። እኔ ደጋግሜ የማየው መጨረሻው ላይ ያለችውን አንዲት ነገር ነው። አባትየው ተስፋ ቆርጧል። አንድ ደጃፍ ላይ የተደገፈ ብስክሌት ያያል። ሊሰርቅ ነው። ግን ልጁ አጠገቡ አለ። ስለዚህ ሳንቲም ይሰጠውና ትራም ይዞ እንዲሄድ ያዘዋል። አያችሁት? ሰውዬው ራሱ በዚያች ሰዓት የሚያስበው ልጁ እንዳያውቅ ነው። መስረቁን ሳይሆን መታየቱን ነው የሚፈራው። ብሩኖ ግን ትራሙ ያመልጠዋል። ዘወር ሲል አባቱ በሰው ብስክሌት ላይ ሆኖ፣ ሰው እየጮኸበት ሲሮጥ ያየዋል። ለጥቂት ቅጽበት እኛና ብሩኖ የምናውቀውን አባትየው አያውቅም። ልጁ ማየቱን አያውቅም። ከዚያ ይያዛል። ልጁ እያለቀሰ መጥቶ ኮቱን ይጨብጣል። የብስክሌቱ ባለቤት ልጁን ያያል፤ «ተዉት» ይላል።

አንድ ልጅ ትራም ባያመልጠው ኖሮ ይህ ፊልም የአንድ ሌባ ታሪክ ነበር። ትራሙ ስላመለጠው የአባትና የልጅ ታሪክ ሆነ። ሴራ የሚባለው ነገር ለእኔ ይህ ነው። ክስተት ማብዛት አይደለም። ማወቅ የሌለበትን ሰው፣ ማወቅ በሌለበት ሰዓት፣ በቦታው ማድረስ ነው።

ከዚህ ጋር ሁልጊዜ አብሮ የሚመጣብኝ የኢራናዊው የማጂድ ማጂዲ «የሰማይ ልጆች» ነው፤ እ.ኤ.አ. የ1997 ሥራ። ጎንደር ተወልዶ በፈረቃ የተማረ ሰው ይህን ፊልም ማስተርጎም አያስፈልገውም። ዓሊ የእህቱን የዛህራን ጫማ ሊያሰፋ ወስዶ ይጠፋበታል። አባታቸው ድሃ ነው፤ አይነግሩትም። እሷ የጠዋት ፈረቃ ናት፣ እሱ የከሰዓት። ስለዚህ የእሱን ሸራ ጫማ ለሁለት ያደርጉታል። እሷ ከትምህርት ቤት ሮጣ ትመጣለች፤ ጠባቧ መንገድ ላይ ጫማ ይቀያየራሉ፤ እሱ ሮጦ ይሄዳል። ፊልሙን በሙሉ ተሸክሞ የሚሄደው ይህ ምስጢር ነው። ሁለት ልጆችና እኛ ነን የምናውቀው። ለምን እንደሚያረፍድ የማያውቀው የትምህርት ቤቱ ኃላፊ ሲቆጣው የምናርረው ለዚህ ነው።

አንድ ቀን ዛህራ የጠፋውን ጫማዋን ሌላ ተማሪ እግር ላይ ታየዋለች። ከወንድሟ ጋር ተከትለዋት ቤቷ ድረስ ይሄዳሉ። የልጅቷ አባት ዓይነ ስውር ነው። ተያይተው ይመለሳሉ። «ምስኪን ናቸው፣ እንተውላቸው» የሚል ንግግር የለም። አባትየው በልጁ ተመርቶ ከቤት ሲወጣ እኛም እነሱም እኩል አየነው፤ ከዚያ በኋላ የሚነገር ነገር አልቀረም። በብዙ ረቂቆች ላይ ቢሆን ይህች ቦታ ግማሽ ገጽ ምልልስ ይወጣት ነበር።

ሩጫው ደግሞ አለ። ለሦስተኛ የሚወጣው ልጅ ሽልማቱ ሸራ ጫማ ነው። ዓሊ ሦስተኛ ሊወጣ ነው የሚሮጠው። ይጋፋሉ፣ ይወድቃል፣ ይነሣል፤ ሳያውቀው አንደኛ ይወጣል። አስተማሪው ትከሻው ላይ ያወጣዋል፣ ሰው ያጨበጭባል፣ ፎቶ ይነሣል። እሱ ያለቅሳል። በሜዳው ላይ ያለው ሰው ሁሉ አሸነፈ ይላል፤ መሸነፉን የምናውቀው እሱና እኛ ብቻ ነን። የደስታና የኀዘን ትዕይንት ለየብቻ መጻፍ ቀላል ነው። እዚህ ግን አንዱ ትዕይንት ለሜዳው ደስታ፣ ለልጁ ኀዘን ሆነ፤ የለያቸው ዕውቀት ብቻ ነው።

ቀጥሎ ማጂዲ ያደረገውን አስቡ። አባትየው ከከተማ ሲመለስ ለአፍታ ብስክሌቱን ያሳየናል። ብስክሌቱ ላይ አዲስ ጫማዎች አሉ። ልጆቹ አላዩም። ዓሊ ቤት ገብቶ፣ ለእህቱ ባዶ እጁን ሆኖ፣ የቆሰለ እግሩን ገንዳ ውስጥ ይነክራል። ዓሣዎቹ ይከቡታል። ፊልሙ እዚያው ያልቃል። አባትየው ገብቶ «ልጆቼ!» ሲል፣ ልጆቹ ሲዘሉ አላየንም። ሁሉም ነገር መልካም እንደሚሆን እያወቅን፣ እሱ አለማወቁ ያሳዝነናል። ልጆቹን በደስታ ሲዘሉ ብናይ ኖሮ እንደሰትና እንረሳው ነበር ብዬ አምናለሁ።

የእትዬ ዘውዴን ታሪክ በሩ ሳይንኳኳ ለማቆም የወሰንኩት ከዚህ በኋላ ነው።

አሁን ደግሞ የማልወደውን ልናገር። ብዙ ወጣት ጸሐፊዎች መጨረሻ ላይ ዱብ ማድረግ ይወዳሉ። ሙሉ ታሪኩን በእኔ ባይ ተራኪ ይነግሩንና መጨረሻው መስመር ላይ ተራኪው ገዳዩ ራሱ ሆኖ ይገኛል። ወይም ሙት ሆኖ። ወይም ያፈቀራት ልጅ እህቱ ሆና። ሰውዬው ይህን ሁሉ ገጽ ሲያወራን እያወቀ ነበር እኮ! ታዲያ ለምን ደበቀን? ደራሲው ሊያስደነግጠን ስለፈለገ ብቻ። ይህ አንባቢን መናቅ ነው ብዬ አስባለሁ። ተራኪ መደበቅ ይችላል፤ ግን የሚደብቅበት የራሱ ምክንያት ይኑረው። ያፈረበት፣ የፈራው፣ ለራሱም መንገር ያቃተው ነገር ይሁን።

ጃፓናዊው ዳይሬክተር አኪራ ኩሮሳዋ እ.ኤ.አ. በ1950 «ራሾሞን»ን ሲሠራ ይህን ጥርት አድርጎ አሳይቷል። ጫካ ውስጥ አንድ ሳሙራይ ሞቷል። ሽፍታው ይመሰክራል። ሚስትየው ትመሰክራለች። ሟቹም በጠንቋይ አፍ ይመሰክራል። ቃላቸው አይገጥምም። ዳኛው አይታይም፣ ድምፁም አይሰማም፤ ምስክሮቹ ፊታቸውን ወደ እኛ አዙረው ነው የሚናገሩት። ዳኛው እኛ ሆንን ማለት ነው። በላ ልበልሃ ሲባባሉ ስለሚሟገቱ አባቶች ሲወራ የሰማ፣ ወይም ዛፍ ሥር ሽምግልና ተቀምጦ የሚያውቅ ሰው ይህን ወንበር ያውቀዋል። ሁሉም ይምላል፤ ሁሉም የሚያወራው እውነት ይመስላል።

እኔ የምቆምበት ግን እንጨት ለቃሚው ላይ ነው። መጀመሪያ ሬሳውን ብቻ እንዳገኘ ይናገራል። በኋላ ሁሉንም ነገር ቆሞ አይቶ እንደነበር ይወጣል። ለምን ደበቀ? ዋጋ ያለው ጩቤ ከቦታው ጠፍቷል፤ የወሰደው እሱ መሆኑን እንረዳለን። ስድስት ልጆች የሚያሳድግ ድሃ ነው። ደራሲው ሊያስደንቀን ብሎ አላስደበቀውም፤ ሰውዬው ሌብነቱን ነው የደበቀው። ምስጢሩ ሲወጣ ታሪኩን ብቻ ሳይሆን ሰውዬውን አወቅነው። በዱብ ዕዳና በምስጢር መካከል ያለው ልዩነት ለእኔ እዚህ ጋ ነው።

አንድ ዓይነት ደግሞ ይቀራል፤ ከሁሉ የሚከብደው። ሰውዬው ራሱ የራሱን ነገር የማያውቅበት። ይህን ያሳየኝ የከተማችን ልጅ ነው። ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ1946 ጎንደር ተወለደ፤ ወደ አሜሪካ ሄዶ ፊልም ተማረ፤ ለብዙ ዓመት ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው «ጤዛ» ቬኒስ ላይ የዳኞችን ልዩ ሽልማት አገኘ፤ በማግስቱ ዓመት ዋጋዱጉ ላይ ታላቁን የአፍሪካ ፊልም ሽልማት ወሰደ። እዚህ ጎንደር ውስጥ ስለ ፊልም በተወራ ቁጥር ስሙ የሚነሳው ለሽልማቱ ብቻ አይደለም፤ ቀዬውን፣ አነጋገሩን፣ የእናቶቹን አለቃቀስ ስለምናውቀው ነው።

የፊልሙ ዋና ሰው አንበርብር ጀርመን ተምሮ፣ ደርግን አይቶ፣ ተጎድቶ ወደ ትውልድ መንደሩ ይመለሳል። እናቱ ምን እንደደረሰበት አታውቅም። መንደሩ አያውቅም። እሱም በቅጡ አያስታውስም። ትዝታው ቁርጥራጭ ሆኖ፣ ቅደም ተከተሉን ስቶ ነው የሚመጣበት። ምልሰት የሚባለውን ዘዴ ብዙ ደራሲዎች መረጃ ማቀበያ ያደርጉታል። «ከዐሥር ዓመት በፊት» ይሉና ይተርኩልናል። እዚህ ግን ምልሰቱ ሰውዬውን ያመዋል። ያለፈውን የምናውቀው እሱ ሊያውቀው በቻለው መጠን ነው፤ እሱ በደነገጠ ጊዜ እኛም እንደነግጣለን። አንባቢና ገጸ ባሕርይ እኩል ማወቃቸው ታሪክ ያቀዘቅዛል ብዬ ነበር የጀመርኩት። «ጤዛ» ላይ ግን ሁለታችንም እኩል አናውቅም፤ ሁለታችንም እንፈልጋለን። እኩል አለማወቅ ከእኩል ማወቅ እጅግ ይለያል።

ደብረ ብርሃን ሥላሴ ገብቶ ቀና ብሎ ያየ ሰው ጣሪያው ላይ የመላእክቱን ፊት ያውቃል። በየአቅጣጫው ያያሉ። የትም ብትቆም የሚያይህ አለ። ሁሉን አወቅ ተራኪ ሲባል እኔ የሚታየኝ ያ ጣሪያ ነው። ጸሐፊ ስትሆን ያ ሁሉ ዓይን የአንተ ይሆናል፤ የማንም ልብ ይከፈትልሃል። ፈተናው ይሄ ነው። ካሜራ የሰው ልብ ውስጥ መግባት ስለማይችል እጅን፣ ስኒን፣ በርን ለማየት ይገደዳል። ብዕር ግን «እንዲህ ብላ አሰበች» ለማለት ምንም አይከብደውም። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ያለ ልክ እንከፍታለን፤ ሁሉንም ልብ ለሁሉም አንባቢ። ከዚያ የሚቀር ክፍተት የለም።

እኔ አሁን ትዕይንት ስጽፍ ከደብተሩ ጠርዝ ላይ በእርሳስ አጫጭር ነገር አኖራለሁ። እዚህ ጋ አንባቢው ምን ያውቃል፣ እሷ ምን ታውቃለች፣ አጠገቧ ያለው ሰው ምን ያውቃል። ሦስቱ አንድ ዓይነት ከሆኑ ትዕይንቱን አወጣዋለሁ፤ ወይም ከአንዳቸው ላይ አንድ ነገር እቀንሳለሁ። ብዙውን ጊዜ መፍትሔው መጨመር ሳይሆን ቅደም ተከተል መቀየር ነው። የጥሩዬን ባል ከቡናው በኋላ ባመጣው ያው ቡና ተራ ቡና ነው። ከቡናው በፊት ስላመጣሁት ነው ጋቢው የከበደው።

በእትዬ ዘውዴ ታሪክ ላይ ገና ያልጨረስኩት አንድ ነገር አለ። ጥሩዬ የሰባት ዓመት ልጅ አለቻት። በመጀመሪያው ረቂቅ ልጅቷ ተኝታለች። ብሩኖ ትራም ካመለጠው ወዲህ ግን አላስተኛኝ አለች። አባቷ ጫማውን እያወለቀ ሲናገር ከመጋረጃው ኋላ ብትሰማስ? ከዚያ እናቷን ተከትላ ቡናው ጋ ብትመጣስ? ጥሩዬ ልጅቷ መስማቷን አታውቅም። እትዬ ዘውዴ ምንም አያውቁም። ልጅቷ ደግሞ እናቷ እንደምታውቅ ታውቃለች። በአንድ ረከቦት ዙሪያ ሦስት ዓይነት ዕውቀት ተቀመጠ ማለት ነው።

ችግሩ ልጅ ምስጢር ሲይዝ ዝም አለማለቱ ነው። አዋቂ ይለጎማል፤ ልጅ ግን ፍርሃቱን በወሬ ይሸፍናል። ስለዚህ ለእሷ ብዙ ንግግር እየጻፍኩ ነው። ስለ ትምህርት ቤት፣ ስለ ድመቷ፣ ስለ ጥምቀት ልብሷ ትለፈልፋለች። እትዬ ዘውዴ ይስቁላታል። «ሙሉቀን ሲመጣ ምን ያምጣልሽ?» ብለው ይጠይቋታል። መልሷን እስካሁን አላገኘሁትም። «ሸራ ጫማ» ብዬ ጽፌ ነበር፤ ከፊልሙ ስለተበደርኩት ሰረዝኩት። መልሱ የእሷ መሆን አለበት፤ የቀሃ ልጅ የምትለው፣ ልታለቅስ እየደረሰች ቶሎ ብላ የምታወጣው አንድ ነገር። ጥሩዬም ልጇ እንደምታውቅ የሚገባት ከዚያ መልስ ነው።